ከቢላዋው በፊት፦ የኃይሌ ተረከዝና የመካነ ሰላም ገበሬ

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ አገር በእልልታ ቀለጠ። ኃይሌ ግን የሮጠው ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት፣ ሐኪሞች አኪለስ የሚሉት፣ እያመመው ነበር። ከድሉ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2፡03፡59 የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ብዙዎቻችን ከዚህ የያዝነው ትምህርት «ጅማት ካመመ መድኃኒቱ ቢላዋ ነው» የሚል ነው። የሕክምናው ታሪክ ግን ሌላ ይላል።

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን ጅማቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ቢጠይቅ አለቃው ከለከለው። እልህ ይዞት «ይበጠስና ይቅደዱኝ» ብሎ ተረከዙን ደረጃ ጠርዝ ላይ ቁልቁል እያወረደ አሠራው። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 15 ታማሚዎች ከ12 ሳምንት እንቅስቃሴ በኋላ ወደ ሩጫ ተመለሱ። ሕመሙ ተረከዙ አጥንት ላይ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ከወለል በታች ሳይወርድ ይሠራል። ቢላዋው የሚመጣው ይህ ለወራት ተሞክሮ እምቢ ሲል ነው።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንምጣ። የቦረና ገበሬ ኑሮው አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ተረከዙ ከተያዘ እርሻውም ገበያውም ይቀራል። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት የሚያስፈልገው እንቅስቃሴውን የሚያሳየው አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ለወረዳ ሆስፒታል በጀት ስንሟገት ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጋር ይህን ባለሙያም እንጠይቅ።