የዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርትና የጂቡቲ መንገድ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያፀደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፡፡ የሕግ ተማሪ ድንጋጌውን በቃሉ ይይዘዋል፤ “ያፀደቀቻቸው” የምትለዋ ቃል ግን በቀላሉ ታልፋለች፡፡

ለአዳማ ተማሪ ምሳሌው ደጁ ላይ ነው፡፡ ከጂቡቲ የተነሳው ከባድ መኪና በመተሐራና በአዳማ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጓዛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙን ግን (ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው) ለሁለቱ አገሮች ድርድር ይተወዋል፡፡ ኢትዮጵያ ስምምነቱን የፈረመችው የባሕር በር ሳለታ ነበር፤ አላፀደቀችውም፡፡ ስለዚህ አንቀጽ 125ን በ9(4) በኩል የአገሪቱ ሕግ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም፡፡ ተማሪው ፊቱን ወደ ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግና ከጂቡቲ ጋር ወደተደረጉት ስምምነቶች ማዞር ይኖርበታል፡፡