የኮሌራ ባክቴሪያ የሚሠራው የጋራ ሽፋንና ከሰው አንጀት ጋር ያለው ግንኙነት

የኮሌራ በሽታን የሚያስከትለው ቪብሪዮ ኮሌሬ የተባለው ባክቴሪያ በውሃ አካላትም ሆነ በሰው አንጀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተሰባስቦና በሚያዳልጥ ሽፋን ተያይዞ እንደሚገኝ በመስኩ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። በሳይንሱ ባዮፊልም በመባል የሚታወቀው ይህ ሽፋን ባክቴሪያው የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ እንዲያልፍና የውሃ ማከሚያ ክሎሪንን እንዲከላከል ያግዘዋል። በመሆኑም የሽፋኑን ምንነት መገንዘብ በውሃ፣ በጤናና በአካባቢ ንጽሕና ዘርፎች ውሳኔ ለሚሰጡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሽፋኑ አመሠራረት

ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያዎች በአንድ ገጽ ላይ ከተጣበቁ በኋላ ራሳቸው በሚያመነጩት፣ ከስኳር ሰንሰለቶችና ከፕሮቲኖች በተዋቀረ ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ተያይዘው የሚመሠርቱት ክምችት ነው። ለረዥም ጊዜ ሳይታጠብ በቆየ የውሃ ጀሪካን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚያዳልጠው ንጣፍ የዚሁ ዓይነት ክምችት ነው።

ቪብሪዮ ኮሌሬ ጅራት በመሰለው አካሉ እየዋኘ ይንቀሳቀሳል። ምቹ ገጽ ሲያገኝ ፀጉር በመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች ይጣበቅና መዋኘቱን ትቶ ሙጫውን ማምረት ይጀምራል። ከሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሴልን ከሴል ጋር ሲያያይዙ፣ ሌሎቹ ደግሞ ክምችቱን በሙሉ ከገጹ ጋር ያጣብቃሉ።

በተፈጥሮ ባክቴሪያው ከሚጣበቅባቸው ገጾች ዋነኞቹ ኮፔፖድ የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ናቸው። የእነዚህ እንስሳት ቅርፊት ካይቲን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ሲሆን፣ ለባክቴሪያው መኖሪያም ምግብም ሆኖ ያገለግላል። በአንድ ኮፔፖድ ላይ በርካታ ባክቴሪያዎች ሊሰፍሩ ስለሚችሉ፣ ያልተጣራ ውሃ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጉንጭ ብዙ ባክቴሪያ ሊውጥ ይችላል።

ባክቴሪያዎቹ ቁጥራቸውን የሚያውቁበት ዘዴም አላቸው። እያንዳንዱ ሴል ኬሚካላዊ ምልክት ወደ አካባቢው ይለቃል፤ የምልክቱ መጠን ሲጨምር ብዛታቸው መጨመሩን ይገነዘባሉ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ቦኒ ባስለርና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቪብሪዮ ኮሌሬ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት ጊዜ ሽፋኑን ይገነባል፤ በበዛበት ጊዜ ደግሞ ግንባታውን አቁሞ ለመበተን ይዘጋጃል።

ከጨጓራ እስከ አንጀት

ጤናማ ጨጓራ ለባክቴሪያው ጠንካራ መሰናክል ነው። በተናጠል የሚገኙ ሴሎች በአሲዱ በብዛት ስለሚሞቱ፣ በሽታው እንዲከሰት በርካታ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መዋጥ ይኖርባቸዋል። የጨጓራው አሲድ በመድኃኒት ወይም በሌላ ምክንያት የቀነሰበት ሰው ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ቁጥር ሊታመም ይችላል። በባዮፊልም ውስጥ ያሉት ሴሎችም አሲዱን ከተናጠል ሴሎች በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋሙ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል።

ባክቴሪያው ወደ ትንሹ አንጀት ከደረሰ በኋላ ግድግዳውን የሚሸፍነውን ንፍጥ ሰንጥቆ በመግባት በሴሎቹ ላይ ይሰፍራል። በዚያም እርስ በርስ ተያይዞ ጥቃቅን ሰፈሮችን ከመሠረተ በኋላ መርዙን ያመነጫል። መርዙ የአንጀት ሴሎች ክሎራይድ ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያደርጋል፤ ውሃና ሌሎች ጨዎችም ይከተላሉ። በጠና የታመመ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ፈሳሽ ባክቴሪያውን መልሶ ወደ አካባቢው ያወጣዋል። ከሕሙማን ሰገራ የተወሰዱ ናሙናዎች እንደሚያሳዩት፣ ከሚወጡት ባክቴሪያዎች ከፊሎቹ በስብስብ መልክ የሚገኙ ሲሆን፣ አዲስ የወጡት ባክቴሪያዎች ለተወሰኑ ሰዓታት የመበከል አቅማቸው ከወትሮው ከፍ ያለ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሽታው በፍጥነት የሚዛመትበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል።

በአንጀት ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም በሂደቱ ድርሻ አላቸው። በ2014 ይፋ በሆነና በባንግላዴሽ በሚገኙ ሕሙማን ላይ በተመሠረተ ጥናት፣ ሩሚኖኮከስ ኦቢየም የተባለው የአንጀት ነዋሪ ባክቴሪያ በሚያመነጨው ኬሚካላዊ ምልክት አማካኝነት የኮሌራ ባክቴሪያ በአይጦች አንጀት ውስጥ እንዳይስፋፋ ሊገታ እንደሚችል ተመልክቷል።

ለመከላከል ሥራ ያለው ትርጉም

ይህ እውቀት በሥራ ላይ ሲውል ሊያስገኝ የሚችለው ውጤት በባንግላዴሽ ማትላብ አካባቢ ታይቷል። ሪታ ኮልዌል የተባሉት አሜሪካዊት ሳይንቲስትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ65 መንደሮች ባካሄዱትና በ2003 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እናቶች ውሃውን ቢያንስ አራት ጊዜ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ እንዲያጣሩ ተደርጓል። ባክቴሪያው በራሱ በጨርቁ ቀዳዳዎች ሊያልፍ ቢችልም፣ የተሸከሙት ኮፔፖዶችና ስብስቦቹ ግን ይቀራሉ። በውጤቱም የኮሌራ ሕሙማን ቁጥር በ48 በመቶ ቀንሷል።

ይሁንና ማጣራት ውሃን ማከምን አይተካም። በስብስብና በሽፋን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ክሎሪንን የመቋቋም አቅማቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ደግሞ ክሎሪኑ ከሌሎች ቆሻሻዎች ጋር በመቀላቀል ኃይሉን ያጣል። ስለሆነም የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ሊጣራ፣ ከዚያም በክሎሪን ሊታከም ወይም ሊፈላ ይገባል። የታከመ ውሃ በቆሸሸ ጀሪካን ከተቀዳ እንደገና ሊበከል ስለሚችል፣ የማስቀመጫ ዕቃዎች ውስጣቸው እየተፈተገ መታጠብ አለበት። የቀሪ ክሎሪን ልኬትም በማሰራጫው ብቻ ሳይወሰን ኅብረተሰቡ ውሃውን በሚጠቀምበት ቦታ ጭምር መካሄድ ይኖርበታል፤ በዚያም ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም መገኘት አለበት።

በ1961 በኢንዶኔዥያ የተቀሰቀሰው ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የገባው በ1970 ነበር። በቅርብ ዓመታትም በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የተከሰተው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚገኝበት የኮሌራ መቆጣጠሪያ ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል በ2017 ባወጣው ፍኖተ ካርታ፣ በበሽታው የሚደርሰውን ሞት እስከ 2030 በ90 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል። ሕክምና ካላገኙ በጠና የታመሙ ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ለሞት ሊዳረጉ ሲችሉ፣ የጠፋው ፈሳሽና ጨው በወቅቱ ሲተካ ግን የሟቾች ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። አብዛኞቹ ሕሙማን በአፍ በሚሰጥ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብቻ ሊድኑ ይችላሉ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጠና ለታመሙት በተጨማሪነት የሚሰጥ እንጂ የፈሳሽ ምትክን የሚተካ አይደለም።

ባክቴሪያው በውሃ ውስጥ በሽፋኑ ተጠልሎ ለረዥም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ የአንድ ወረርሽኝ መቆም የሥጋቱ ማብቂያ ተደርጎ አይወሰድም። የውሃ ጥራት ቁጥጥር፣ የመጸዳጃ ቤት አቅርቦትና የቅኝት ሥራ ሕሙማን በማይታዩበት ወቅትም በመደበኛ ዕቅድና በጀት ተይዘው እንዲቀጥሉ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።