የቩዱ ካርድ ማኅደረ ትውስታ

የስሪዲኤፍኤክስ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ያወጣው ቩዱ የተባለ የግራፊክስ ካርድ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በ4 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ነበር። ይሁን እንጂ ግማሹ ለምስሉ፣ ግማሹ የጨዋታውን ግድግዳና መሬት ለሚያለብሱት ሥዕሎች የተመደበ ሲሆን አንዱ ለሌላው አያበድርም።

በ640 በ480 ነጥብ የሚታየው ምስል፣ ከበስተኋላ የሚዘጋጀው ተከታዩ፣ እንዲሁም የየነጥቡ ርቀት የሚመዘገብበት ሰሌዳ፣ ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ሲታሰብ፣ በድምሩ 1,843,200 ባይት ይይዛሉ፤ ለጥቂት ይበቃል። በ800 በ600 ግን 2,880,000 ስለሚደርስ የርቀቱን ሰሌዳ መተው ግድ ነበር። ያን ጊዜ የቱ ነገር ከፊት፣ የቱ ከኋላ እንደሚሣል መለየት የፕሮግራም ጸሐፊው ዕዳ ይሆናል፤ ቀላል ዕዳም አይደለም።

በ1998 የወጣው ቩዱ 2 በ8 እና በ12 ሜጋባይት ተሸጠ። የምስሉ ድርሻ በሁለቱም 4 ሜጋባይት ብቻ ስለነበረ፣ ውዱን የገዛ ሰው በምስል ስፋት ያተረፈው ነገር አልነበረም።