ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች፦ የሰውን ጠባይ አስመስሎ ማቀድ ምንድን ነው?

የደብረ ወርቅ ገበያ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ይውጣ ተባለ እንበል። ሰዉ ምን ያደርጋል? ወደ አዲሱ ቦታ ይሄዳል ወይስ እህሉን ጭኖ ቢቸና ወይም ሞጣ ይሸጣል? መንገድ ዳር ጉልት የምትቸረችረዋ እናትስ? ብዙ ጊዜ መልሱ የሚታወቀው ብሩ ከወጣ፣ ነገሩም ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ በኮምፒውተር መሞከር ይቻላል። በኢትዮጵያ ገበሬዎች ላይም ተሠርቶበታል። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚያሳስት በየተራ እናያለን።

🔹 እንዴት ነው የሚሠራው?

ሲም ሲቲ የሚባለውን ጌም የተጫወተ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሲሙሌሽን ማለት ማስመሰል ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምናባዊ ቤተሰቦች ይፈጠራሉ። አንዱ አራት ጥማድ መሬትና ሁለት በሬ አለው፤ ሌላው መሬት የለውም፤ ሦስተኛው ዕዳ አለበት። ከዚያ የአኗኗር ደንብ ይሰጣቸዋል። ለምሳሌ፦ ዝናብ ከቀረ መጀመሪያ በግ ይሸጣል፣ ካልበቃ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ያም ካልበቃ ከልጆቹ አንዱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይሄዳል።

ተመራማሪዎች እነዚህን ምናባዊ ሰዎች «ኤጀንት» ይሏቸዋል። ኮምፒውተሩ የብዙ ዓመት ኑሯቸውን በአጭር ጊዜ ያስኬደዋል። አንዴ ድርቅ ይጨመራል፣ አንዴ የማዳበሪያ ዋጋ ይወደዳል፣ አንዴ ብድር ይፈቀዳል። ከዚያ ማን ቆመ፣ ማን ወደቀ ተብሎ ይታያል።

🔹 ምን ጥቅም አለው?

የሰው ብዛት ሲደመር ማንም ያላሰበው ነገር ይወጣል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ቶማስ ሼሊንግ ይህንን እ.አ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ሁለት ዓይነት ሰዎችን የሚወክሉ ምልክቶችን ሰሌዳ ላይ ደረደረ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከጎረቤቶቼ ጥቂቱ እንኳ እኔን ካልመሰሉ ቦታ እቀይራለሁ። ሰፈሩ ለሁለት እንዲከፈል የፈለገ አልነበረም፤ ሰሌዳው ግን ለሁለት ተከፈለ። ሼሊንግ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ጎጃምም የራሱ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ወረቀት ላይ ሲታይ አሥራትን የሚያስቀር፣ ብዙ የሚያገኝ ብዙ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው፦ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው።» ገማቾቹን አላስገባም አለ። ሞጣና ቢቸና አካባቢ ሳይቀር መሣሪያ ተነሣ፣ ጦር ተላከ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ያኔ ያቀዱት ሰዎች ሒሳቡን ሠርተዋል፤ የሰዉን ጠባይ ግን አላሰሉም።

🔹 በኢትዮጵያ ምን ተሠራ?

1️⃣ በጀርመን የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲው ቶማስ በርገርና ባልደረቦቹ እ.አ.አ. በ2017 አንድ ጥናት አሳተሙ። ከአጥኚዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። ጥያቄያቸው የኢትዮጵያ አነስተኛ ገበሬ የአየርና የዋጋ መለዋወጥን እንዴት ይቋቋማል የሚል ነው። ሞዴሉ ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች ሲቸግራቸው ከብት ይሸጣሉ፣ ባሕር ዛፍ ይሸጣሉ። ልክ እኛ እንደምናውቀው ማለት ነው። ውጤቱ፦ አዲስ የበቆሎና የስንዴ ዝርያ፣ በተለይ ከብድርና ከማዳበሪያ ድጎማ ጋር ሲሆን፣ በአማካይ ይጠቅማል።

2️⃣ የአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ደቡብ ኦሞን መርጠው «ኦሞላንድ» የሚባል ሞዴል ሠሩ። ጥናቱ የታተመው እ.አ.አ. በ2018 ነው። ድርቅ ተከታትሎ ሲመጣ ቤተሰቦች አቅማቸው እየተሟጠጠ አካባቢውን ለቀው እንደሚሰደዱ፣ ማኅበረሰቡ ግን እንደምንም እንደሚቀጥል አሳየ።

🔹 «በአማካይ» የሚለው ቃል

የ2017ቱ ጥናት ዋና መልእክት እዚህ ጋ ነው። በአማካይ የሚጠቅም ፖሊሲ ለድሃው ላይደርስ ይችላል።

በቀላል ሒሳብ እንየው። አስር ቤተሰብ አለ። ሦስቱ በአዲሱ ዘር 10,000 ብር አተረፉ። ሰባቱ ብድሩን መመለስ አቅቷቸው 1,000 ብር ከሰሩ። አማካዩ 2,300 ብር ትርፍ ነው! ሪፖርቱ «ውጤታማ» ይላል፤ ሰባቱ ቤት ግን በግ ተሽጧል። እያንዳንዱን ቤተሰብ ለየብቻ የሚያስኬድ ሞዴል ጥቅሙ ይሄ ነው፤ አማካዩ የሚደብቃቸውን ሰዎች ያወጣቸዋል።

🔹 የት ያሳስታል?

▪️ መረጃ። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ዛሬ ስልክ ይዞ ይህንን ያነባል። ያረጀ ቁጥር የገባበት ሞዴል ያረጀ መልስ ይሰጣል።

▪️ ያልታሰበ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ገበሬው ገበያ መውጣት ሲፈራ በሰላም ጊዜ የተጻፈ ደንብ አይሠራም።

▪️ አተረጓጎም። በመጋቢት 2020 እ.አ.አ. የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ኮሮና በብሪታንያ እስከ 510,000 ሰው ሊገድል እንደሚችል አሰላ። ስሌቱ ግን ምንም እርምጃ ካልተወሰደና ሰዉም ጠባዩን ካልቀየረ የሚል ነው። ብዙዎች «ካልሆነ» የምትለዋን ዘልለው ቁጥሩን እንደ ትንቢት ወሰዱት።

▪️ አዲሱ ኤአይ። እ.አ.አ. በ2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን 1,052 አሜሪካውያንን ለሁለት ሰዓት ያህል ቃለ መጠይቅ አድርጎ በየሰዉ ልክ የኤአይ ኤጀንት ሠራ። ኤጀንቶቹ የሰዎቹን መልስ ሲገምቱ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መልስ ከደገሙበት ልክ 85 በመቶ ደረሱ። ያስገርማል። ግን ልብ በሉ፦ እነዚያ ሰዎች ተጠይቀዋል። ስለ እነማይ ወይም ስለ እናርጅ እናውጋ ገበሬ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ነው። ሳይጠየቅ «ገበሬው እንዲህ ያስባል» የሚል ኤአይ ቢመጣ የሚናገረው የሌላ አገር ሰው ጠባይ ሊሆን ይችላል።

🔹 «ሞዴሉ እንዲህ ይላል» ስትባሉ ምን ትጠይቃላችሁ?

✅ መረጃው የመቼ ነው? ከየትስ መጣ?
✅ ደንቡን ማን ጻፈው? የአካባቢው ሰው አይቶ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምናደርገው» ብሏል?
✅ ውጤቱ በአማካይ ነው ወይስ መሬት የሌለው፣ ሴት የምትመራው ቤት፣ ወጣቱ ለየብቻ ታይቷል?
✅ ግምቱ ቢሳሳት ኪሳራውን የሚሸከመው ማነው?

ሲሙሌሽን ለአቅጂ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተራበ ቤተሰብ ቢኖር ጠፍቶ እንደገና ይጀመራል። መሬት ላይ ያለው ቤተሰብ ግን እንደገና አይጀመርም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ሙከራ በኋላም ሰውን ቁጭ ብሎ መጠየቅ አይቀርም።