የቮልስ አምፖል፦ 6 ቮልቱ የት ገባ?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ዘውዱም ደርጉም አለፉ፤ ቮልስ ግን ዛሬም በቦሌ መንገድ ከኤሌክትሪክ መኪኖች ጎን ስትሄድ ትታያለች። ሞተሯን የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። ባለቤቷን የሚያንከራትተው አንዳንዴ በጣም ትንሽ ዕቃ ነው፦ አምፖል። በተለይ መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ፍለጋው ከገርጂ ተነስቶ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ለመሆኑ አምፖል ከገበያ የሚጠፋው ለምንድነው?

መልሱ ከባትሪው ይጀምራል። የመኪና ባትሪ አንዱ ክፍል (ሴል) 2 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሦስት ሴል ሲቀጣጠል 6 ቮልት፣ ስድስት ሲቀጣጠል 12 ቮልት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፋብሪካው ወደ 12 ተሻገረ።

ለምን ተሻገረ? እስቲ እናስላው። ሁለቱ የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢሆኑ ድምሩ 90 ዋት ነው። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ስለሆነ፣ በ6 ቮልት 15 አምፒር ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ግን 7.5 ይበቃል። ሽቦ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከአምፒሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ 4 እጥፍ! በዚህ ምክንያት የዓለም መኪና ፋብሪካዎች አንድ በአንድ 6 ቮልትን ተዉት፤ አምፖል አምራቾችም ገዢው ወዳለበት ሄዱ። 6 ቮልቱ የጠፋው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ የሚጠቀሙበት መኪኖች ስላለቁ ነው።

«ታድያ የ12 ቮልቱን ብናስገባበትስ?» ትሉ ይሆናል። ቅርጹ ልክ ቢመጣ እንኳ ከሚገባው በጣም ያነሰ ኃይል ብቻ ስለሚያገኝ ቀላ ብሎ ደብዘዝ ይላል። በተቃራኒው የ6 ቮልት አምፖል 12 ቮልት መኪና ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ ዕድለኛውን አምፖል እንይ። ለአውሮፓ የተሠሩት ባለ 12 ቮልት ቮልሶች የፊት መብራታቸው አምፖል 45/40 ዋት ነበር፤ 45ቱ ለረጅም፣ 40ው ለአጭር መብራት። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገለችው ላዳም የተሠራችው በዚሁ ዓይነት አምፖል ነው። ላዳ በጣሊያኑ ፊያት 124 ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶሊያቲ ከተማ የተመረተች መኪና ናት። የጀርመንና የሶቪየት መኪኖች በፖለቲካ ባይገናኙም በአምፖል ተገናኙ! ብዙ ዓይነት መኪኖች የሚጋሩት ዕቃ ገዢ ስለማያጣ ዕድሜው ይረዝማል።

የዚህ አምፖል ሥራም ብልሃት አለበት። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የተንግስተን ክሮች አሉ። የአጭር መብራቱ ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ጋሻ ተደርጎለታል። ጋሻው ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ስለሚከለክል ብርሃኑ የሚያርፈው በአንጸባራቂው የላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ነጥሮ ወደ አስፋልቱ ዝቅ ይላል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን የሚተርፈው በዚህች ጋሻ ነው።

ስለዚህ «ኤልኢዲ ቀይርበት፣ ይደምቃል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። የኤልኢዲው ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ከድሮው ክር ቦታ ጋር ካልገጠመ ብርሃኑ ይበተናል፤ የራሳችሁ መንገድ ሳይጠራ የሌላውን ዓይን ያጭበረብራል። ፍሬቻ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። (ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ቀስት» ማለት ነው።) የድሮው ማብለጭለጫ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በአምፖሉ ከረንት በሚፈጠር ሙቀት ነው። ኤልኢዲ የሚስበው ከረንት ትንሽ ስለሆነ ማብለጭለጫው ይዛባል ወይም ጭራሽ አይሠራም፤ አብሮ መቀየር አለበት።

በጣም ደማቅ አምፖል መግጠምም እንዲሁ አደጋ አለው። ባለ 100 ዋት አምፖል ለ45 ዋት በተሠራ ሽቦና ማብሪያ ላይ ከተገጠመ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሬሌይ ተጨምሮ በወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ቢሄድ ይሻላል።

ደግሞም አንዳንዴ አምፖሉ ጥፋት የለበትም። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 50 ዓመት ዝናብና አቧራ የቻለች መኪና ላይ ሽቦው ከቦዲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ መዛጉ አይቀርም፤ ይህን ያህል ቮልት ለመብላት ያችው ዝገት ትበቃለች። ስለዚህ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት መብራቱን አብርታችሁ አምፖሉ ጋ ስንት ቮልት እንደደረሰ በቮልት ሜትር ለኩ። ከባትሪው በብዙ ካነሰ፣ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ አምፖል ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። 6 ቮልት ላይ የደረሰው ነገ በሌሎች መለዋወጫዎችም ላይ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ቮልሷን ማታ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ የሚነዳ ሰው፣ መንገድ የሚያቋርጠውን እግረኛ በጊዜ የሚያየው ምን አምፖል እንደገጠመ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራም ካወቀ ነው።