የእሸት ቡና ዝልግልግና የፊዚክስ ሰዎች እርሳስ

«ቲዎሬቲካል ፊዚክስ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለደሃ ምን ያደርግለታል?» የሚል ክርክር በየዶርሙ ይሰማል። እኔ የፊዚክስ ተማሪ አይደለሁም። ታሪክ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ እሱም ከጅማ፣ ከጊንጆ ጉዱሩ ብዙ ሳይርቅ፣ በአጋሮና በሊሙ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ይገኛል።

ቀዩ እሸት ተፈልፍሎ ገለፈቱ ሲወልቅ ፍሬው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይቀራል፤ በተለመደው አሠራር ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ካልለቀቀ ቡናው በወጉ አይታጠብም። በዚያ ዝልግልግ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት አለ። ውሃ ሲያገኝ ብዙዎቹ ቀለበቶቹ ነጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ቻርጅ ያለው ፖሊመር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ሰንሰለት መኖሩን ማሳመን ራሱ ትግል ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ሐሳቡን ሲያቀርብ ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም፤ ኖቤል የተሸለመው በ1953 ነው። በ1923 ደባይና ሁከል ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ አዮን በተቃራኒዎቹ ተከቦ ኃይሉ እንደሚጋረድ በስሌት አሳዩ። በ1948 ቨርነር ኩንና አሮን ካቻልስኪ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሰንሰለቱንና ቻርጁን አገናኙ፦ ቻርጆቹ ሲገፋፉ የተጠቀለለው ይዘረጋል። ጨው ሲጨመርበት ግፊያው ስለሚጋረድ መልሶ ይሰበሰባል። በ1965 ሳም ኤድዋርድስ ሰንሰለቱን እንደ አንድ ተቅበዝባዥ ቅንጣት መንገድ ቆጥሮ ከኳንተም ፊዚክስ ሒሳብ ተዋሰለት። በ1969 ጄራልድ ማኒንግ ደግሞ ቻርጆቹ እጅግ ሲቀራረቡ ተቃራኒ አዮኖች መጥተው ሰንሰለቱ ላይ እንደሚሰፍሩ አሰላ። ዘዴው ሁሉ አንድ ነው፤ የእያንዳንዱን ቀለበት ዝርዝር ትቶ የብዙዎቹን የጋራ ጠባይ መፈለግ።

ይህ ስታቲስቲካል ፊዚክስ የሚባለው ትምህርት በእኛም አገር ሰው አላጣም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው ተሠቃይተዋል። በኋላ ህንድ አገር፣ ባንጋሎር፣ ዶክትሬታቸውን ሠርተው በዚሁ ዘርፍ አስተማሩ፤ ተመራመሩ። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን የሰብዓዊ መብት ሽልማት ሰጣቸው። እስር ቤት ያላስጣላቸውን ትምህርት ቅንጦት ብሎ ማለፍ እንዴት ይቻላል? ቡናውን የምናጥበው እኛው ነን፤ ታዲያ ስለ ዝልግልጉ የሚነግረንን ስሌት ለሌላ አገር ሰው ብቻ የምንተወው ለምንድን ነው?