የድፎ ዳቦ ሙያና የስንዴ ዘራችን ታሪክ

እንደሚታወቀው ድፎ ዳቦ በአገራችን የበዓልና የአክብሮት ምግብ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። ለዘመን መለወጫ ይቆረሳል፤ ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ደግሞ እናቶች ለጨፋሪ ልጆች ሙልሙል ይሰጣሉ። ሆኖም የስንዴ ታሪክ ሲነሳ ስለ ጋጋሪዋ ብዙ አይነገርም።

የዳቦ ሙያ ከእህሉ ይጀምራል። ባለሙያዋ ስንዴውን ለቅማና አበጥራ ታስፈጫለች፤ ሊጡን በእርሾ አቡክታ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ከዚያም ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፋ ሊጡን ትደፋለች፤ በኮባ ሸፍና ከላይም ከታችም እሳት ታደርግበታለች። እሳቱ ከበዛ ያራል፤ ካነሰ መሐሉ ሊጥ ይሆናል። ይህን በእጅና በዓይን ልክ የለመደች እናት የትኛው ስንዴ ውኃ እንደሚያነሳ፣ የትኛው ለዳቦ፣ የትኛው ለቆሎ ወይም ለንፍሮ እንደሚሻል ታውቃለች። አርሶ አደሩም ዘር ሲያስቀር የምርቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ፍላጎት ያይ ነበር። የአገራችን ስንዴ ዓይነቱ እንዲበዛ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴ ዘር በሰበሰበ ጊዜ በዓይነቱ ብዛት ተደንቋል። በማሳችን በብዛት የነበረው ዛሬ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚፈለገው የዱረም ስንዴ ሲሆን፣ ጥቁር ስንዴም ከመካከሉ ይገኛል።

በከተሞች ግን ፉርኖ ዳቦ እየተስፋፋ መጣ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አሰራጨ። ምርት አደገ፤ ነባር ዘሮች ግን ከማሳ እየራቁ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ የተቋቋመውም እንዲህ ያለው ሀብት እንዳይጠፋ ነው። በጥቂት ዘሮች ላይ መመካት የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ታይቷል፤ በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተጠቅተዋል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ልዩ ልዩ ስንዴ በአንድ ጆንያ ተቀላቅሎ በኪሎ ብቻ ሲሸጥ፣ ለዳቦ የሚሆነውን ለይቶ ያቆየው አርሶ አደር ድካሙ ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ መሠረታዊ ማኅበራት ስንዴን በዓይነቱ ለይተው ቢያከማቹ፣ አዲስ ዘር ከመስፋፋቱም በፊት ዱቄቱ በባለሙያ እናቶች እጅ ተጋግሮ ቢፈተን መልካም ነው። የማሳው ምርት የሚመዘነው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በምጣድም ላይ ነውና።